ሃያ ሁለት ቦታ

የመጀመሪያዋ ብርማ ናት፣ ሳሙና የምታክል፣ ቀለሟ ከጎን የለቀቀ፤
ከአንድ ሾፌር ገዛኋት፣ መንገድ ላይ ጎማው ካለቀ።
ሁለት ድንጋይ ጎርሳ፣ ሃያ ደቂቃ ሳትሠራ ትራባለች፤
«ባትሪ አልቋል» ብላ ዓይኗን ወደ ሆዷ ትከታለች።
ሆዷም ጠባብ ነው፤ ሃያ ሁለት ፎቶ፣ ከዚያ በላይ የለም፤
ሃያ ሦስተኛው እንዲገባ አንዱ ካልጠፋ አይሆንም።

ሥራዬ መጋዘን ነው፤ የቡና እርጥበት እለካለሁ፤
ከልኩ ካለፈ፣ «ይመለስ፣ ፀሐይ ይምታው» እላለሁ።
ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ ማሰሪያዋን አንገቴ ላይ አጥልቄ፣
ከሂርማታ እስከ ጅሬን ዳገት፣ በእግሬ፣ ባጃጅ ንቄ።

አባ ዱራ ዋንዛ ሲፈለፍሉ ደረስኩ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፤
ከጢማቸው ፍቅፋቂውን ሳያራግፉ፣ ወደ እኔ ቀና ብለው፣
«አንሳኝ» አሉ፤ «በርጩማውንም ጨምረህ፤ እሱ ነው የሚቀረው።»
ቀጭ አለች።
ብርሃኑ ከጎን ነበር፤ ዕድል እንጂ ችሎታ አልነበረኝም፤
ከዚያ ወዲህ ስንት ካሜራ ያዝኩ፣ እንደዚያ ያለ ፊት አላነሳሁም።

ማታ ቦዬ ወረድኩ። ሰው ሁሉ «ጉማሬ ወጣ» ይላል፤
ካሜራዋ ሞልታለች፤ አንዱ ይውጣ፣ ጊዜ ይሮጣል።
ጣቴ ቸኮለ። ሽማግሌው ነገም አሉ፣ ከደጃፋቸው አይጠፉም፤
ጉማሬ ግን እንደ ሹም ነው፣ ሲፈልግ እንጂ ሲፈልጉት አይወጣም።
አጠፋሁ።
ጉማሬውም ሰመጠ። የቀረልኝ ክብ በክብ የሚሰፋ ውኃ፣
ከዳር የሰው ጀርባ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ጭቃ።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ሳያባራ አባ ዱራ አረፉ።
ከቃሬዛው ሥር ትከሻዎች እየተቀያየሩ አለፉ፤
የእኔም ተራ ደረሰ። ሁለቴ አነሳኋቸው፣
ፊት በጣቴ፣ ኋላ በትከሻዬ ተሸክሜያቸው።

ከሳምንት በኋላ ልጃቸው ነፊሳ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች፤
«ያቺ ፎቶ ትኖር ይሆን?» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።
«አጥፍቻለሁ» አልኩ። አሳጥቤ ባለማምጣቴ ያፈርኩ መሰላት፤
«ምንም አላጠፋህ፣ ሲመችህ» አለችኝ። እንዴት ልንገራት?

ሁለተኛዋ የዕቁብ ናት። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሌንሷ የሚፈታ፤
ነጂብ ሰዓት ጠጋኙ በሁለት እጁ አቀረባት፣ እንደ ስጦታ።
ባለ ዘውዱን ወፍ ከቦዬ ሸንበቆ መሀል አመጣችልኝ፤
ላባውን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሰው ግን ፊቱን አጠቆረብኝ፤
«ለመሬት አስተዳደር ነው?» ይላሉ፤ ትልቅ ዓይን ያስፈራል።
ትንሿን እንደ መጫወቻ ያዩዋት ነበር፤ ማን ሳሙና ይፈራል?

በሦስተኛው ክረምት ሌንሷ ውስጥ የሸረሪት ድር መሳይ በቀለ፤
ነጂብ ወደ መብራት አነሳትና፣ «ሻጋታ ነው፤ እርጥበት» አለ።
እርጥበት! የሰውን ቡና በነጥብ ስለካ፣ ስመልስ፣ ስቆጣ፣
ከገዛ ቁም ሣጥኔ ዓይኔ ሻግቶ መጣ።
ሩዝ ውስጥ ቀበርኳት፣ ፀሐይ አሞቅኳት፤
ጅሬንን ሳነሳባት ጭጋግ አለ፤ የእሷ ይሁን የጅማ፣ መለየት አቃተኝ፣ ተውኳት።

ሦስተኛዋ የዘመድ ውሰት ነበረች፤ ስለ እሷ ብዙ አልልም፤
ባጃጅ ውስጥ ረሳኋት። ዕዳዋን ከፍዬ አልጨረስኩም።

አሁን ስልክ ነው። አሥር ሺህ ፎቶ፤ የተንቀጠቀጠው፣ ጣቴ የገባበት፣
ኪሴ ውስጥ ራሱ ያነሳው ጨለማ፤ አንድም የተሰረዘ የለበት።
«ቦታ ሞልቷል፣ ጥቂት ያጥፉ» ይለኛል በየማለዳው፤
«አላጠፋም» እለዋለሁ። ደመወዜን ካርድ ጨረሰው።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ደጃፍ አለፍኩ። በርጩማው ውጭ ነበር፣ ዝናብ ላይ፤
ነፊሳ ሮጣ ወጥታ አነሳችው።
እኔም አነሳሁ፣ ግን ዘግይቼ፤ ስልኬ ላይ የሚታይ፣
ሦስት የእግር ምልክት ነው፣
ጭቃ ላይ።